ከደመና በላይ ያለው አየር

«ወደ ግራ! ወደ ግራ ነው ያልኩህ!»

ፕሮፌሰሩ በሰረገላው መስኮት እስከ ወገባቸው ወጥተው ይጮኻሉ። በአንድ እጃቸው ባርኔጣቸውን፣ በሌላው ረጅሙን የነሐስ መነጽር ይዘዋል። ሦስተኛ እጅ ስላልነበራቸው፣ መንኮራኩሩ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከመውደቅ የምታድናቸው የካፖርታቸውን ጅራት ጨምድዳ የያዘችው ሚዛን ነበረች።

«ጌታዬ፣ በግራ በኩል መንገድ የለም!» አለ ሰረገላ ነጂው ከላይ ሆኖ ልጓሙን እየሳበ። «ያለው የድንች ማሳ ነው!»

«እንግዲያው በድንቹ ላይ ንዳ!»

«ድንቹ ባለቤት አለው ጌታዬ!»

«ፊኛውም ሰው አለበት!»

ነጂው ከዚህ በኋላ አልተከራከረም። ፈረሶቹን ከጥርጊያው አውርዶ በማሳው ላይ ለቀቃቸው። ጭቃው እስከ ጣሪያው ተፈናጠረ፤ ሰረገላውም ማዕበል እንዳገኘው ጀልባ ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር።

ሚዛን አንገቷን በሌላኛው መስኮት አወጣች። ከከተማው ጭስ ርቆ፣ ቢጫው ፊኛ ሎሚ አክሎ ይታያል። ከሎሚው ሥር የተንጠለጠለችው ጥቁር ነጥብ ቅርጫቷ ናት። በቅርጫቷ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ ከጦር ሠራዊቱ የፊኛ ክፍል በጡረታ የተሰናበቱት ሻለቃ፣ ሌላው የእሷው ታናሽ ወንድም ላባ።

ሚዛንና ላባ የቤት ስማቸው ነው። ያወጣችላቸውም እናታቸው ናት። ሴቲቱ ልጅ ከትንሽነቷ ጀምሮ ሳትመዝን የምታምነው ነገር አልነበረም፤ ከገበያ የመጣውን ስኳር እንኳ ባለሱቁ መዝኖታል ሲሏት «እሱን ማን መዘነው?» የምትል ነበረች። ወንዱ ደግሞ ነፋስ ያነሣዋል ተብሎ የሚፈራለት ቀጭን ነበር። አድጎ የነሐስ አንጥረኛ ሲሆንም ሥጋ አልጨመረም፤ የጨመረው ቀልድ ብቻ ነው። እናትየው ባርኔጣ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለቱንም ያሳደገቻቸው በመርፌዋ ነው።

በዚያ ዘመን ሴት ልጅ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ተቀምጣ እንድትማር አይፈቀድም ነበር፤ በጓሮ በር ገብታ እንድትሠራ ግን የከለከላት አልነበረም። ሚዛን በዚያ በር ገብታ የፕሮፌሰሩ የላቦራቶሪ ረዳት ከሆነች ዓመታት አልፈዋል። የዛሬውን ጉዞ የወለደው ጥያቄም የእሷ ነው።

አየር የኦክስጅንና የናይትሮጅን ድብልቅ መሆኑ ያኔም የታወቀ ነበር። ፕሮፌሰሩ ግን ስማቸውን ባስጠራው መጽሐፋቸው ላይ አንድ ነገር ጨምረዋል። ኦክስጅን ከናይትሮጅን ስለሚከብድ እንደ አተላ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ስለዚህ ከደመና በላይ ያለው አየር ከእኛው የተለየ፣ ሕይወት የጎደለው ነገር ነው ብለዋል። መጽሐፉ በየትምህርት ቤቱ ይነበባል። ሚዛን አንድ ቀን ጠርሙስ እያጠበች፣ «ፕሮፌሰር፣ ይህ ነገር ተለክቷል?» ብላ ጠየቀች።

ያን ዕለት ተቆጡ። በሩን በላይዋ ላይ ዘግተው ሄዱ። በማግስቱ ግን ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ መጥተው፣ «አልተለካም። ለኪው» አሏት። ቁጣቸው ለአንድ ሌሊት እንጂ ለሁለት አይበቃም ነበር።

ተራራ ላይ የተቀዳ አየር አላረካትም። ነፋስ የታቹን አየር ይዞ ገደል ለገደል ሲወጣ ይውላልና የተራራ አየር የእውነት የላይ አየር አይደለም። ስለዚህ ክረምቱን በሙሉ ወፍራም የብርጭቆ ጠርሙሶችን በፓምፕ ባዶ ስታደርግ ከረመች። ላባ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ የነሐስ መዝጊያ ሠራ። መዝጊያው ሰማይ ላይ ሲከፈት ባዶው ጠርሙስ የዙሪያውን አየር በአንድ ጉርሻ ይውጣል፤ ከዚያ ይዘጋና በጣት በሚለጠፍ ለስላሳ ሰም ይታተማል። ከሻለቃው ጋር ማን ይውጣ ሲባል ላባ የሚጠይቀው ሰው አልፈለገም።

«የእኔን መዝጊያ ሌላ ሰው ሲያሽከረክረው አላይም» አለ። «ደግሞስ ከእኔ የቀለለ ከየት ታመጣላችሁ? ሕፃን ልትልኩ ነው?»

የዚያን ዕለት ጠዋት በጋዝ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ፣ ለመንገድ መብራት ከሚመረተው የድንጋይ ከሰል ጋዝ በወፍራም ቱቦ እየተጠለፈ ፊኛው ሲሞላ፣ ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ዙሪያውን ከበው ነበር። ሻለቃው የጦር ሜዳ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ከፍታ የሚታወቅበትን የባዜቃ (የሜርኩሪ) የግፊት መለኪያ በገዛ እጃቸው ከገመዱ ጋር አሰሩ። ከዚያ ቅርጫቱን የያዙትን ሰዎች «ልቀቁ» አሏቸው። ፊኛው ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ተነሣና ተመልሶ ዘፍ አለ።

«ከብዷል» አሉ ሻለቃው። «የሌሊቱ ዝናብ ጨርቁን አርጥቦታል፤ ጋዙም ዛሬ ደካማ ነው። አንድ ነገር ይውረድ።»

«አሸዋውስ?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«አሸዋው አይነካም። ላይ ስንደርስ የምንጥለው እሱን ነው። ስንወርድም ነፍሳችን ያለችው እሱ ላይ ነው።»

«መልሕቁስ?»

«ያለ መልሕቅ ማረፍ ካማረዎት ፕሮፌሰር፣ በእኔ ፈንታ እርስዎ ይግቡ።»

የቀረው የሚዛን የጠርሙስ ሣጥንና ኦክስጅን የተሞሉት ከረጢቶች ነበሩ። ከረጢቶቹ ከበሬ አንጀት ሽፋን የተሰፉ ናቸው፤ ላይ ትንፋሽ ሲያጥር በአፍ የሚሳብባት ቀጭን ቱቦና ከባድ የነሐስ መክፈቻ አላቸው፤ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ተመድቧል። ሁሉም ወደ ሚዛን ዞሩ። ሣጥኑ የእሷ ነውና ቃሉም የእሷ ነበር።

«ግማሹን ጠርሙስ እናውርድ» ማለት ትችል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ግማሹ ጠርሙስ ከወረደ መለኪያው ግማሽ ይሆናል። በአንድ ከፍታ የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ቢያሳስትስ? የሚያመሳክረው ከየት ይመጣል? ይህን ስታሰላ ላባ ከድርሻው አንዱን ከረጢት ፈታና በቅርጫቱ ጠርዝ ላይ አሳልፎ አቀበላት።

«እንኪ፣ ያዢልኝ። ለመሆኑ ላባ ስንት ትንፋሽ ይበላል?»

ሳቀች። የፋብሪካው ሰዎችም ሳቁ። የእሷ ሳቅ ግን ከቀልዱ ይልቅ ከእፎይታ የመጣ ነበር፤ ጠርሙሶቿ ተርፈውላታል። ሻለቃው ግን አልሳቁም።

«አንድ ብቻ?» አሉት።

«ይበቃኛል ሻለቃ። እርስዎ ደረተ ሰፊ ነዎት፤ የእርስዎን አይንኩብኝ።»

ሻለቃው ሚዛንን ተመለከቱ። ዓይኗን ወደ ገመዱ መለሰች። ከዚያ ፊኛው ተነሣ።

አሁን ያ ከረጢት በሰረገላው ውስጥ ከእግሯ ሥር ነበር። መንኮራኩሩ በዘለለ ቁጥር ጫማዋን ቸብ ያደርጋታል። በእግሯ ገፋ ታደርገዋለች፤ ተመልሶ ይመጣል።

«ደመናው ዋጠው» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ወደ መቀመጫቸው ወድቀው መነጽሩን በመሐረብ እየጠረጉ። «እንዴት ያለ አወጣጥ ነው! አየሽው? ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ነው የሚወስዳቸው። ኮረብታው ላይ ወጥተን እንጠብቃቸው።»

ኮረብታው ላይ ወጡ። ነጂው ለፈረሶቹ ብርድ ልብስ ደረበላቸው። ሰማዩ ግራጫ ቆርቆሮ መስሎ ተከድኗል። ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ስለ ናይትሮጅን አወሩ፤ ከዚያ ስለ ነፋስ፤ ከዚያ ወሬው አለቀባቸው።

«ለእናትሽ ምን ብለሻት ወጣሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«ከጭስ ማውጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ይመለሳል አልኳት።»

ፕሮፌሰሩ ሊስቁ ጀመሩና ፊቷን ሲያዩ ተዉት። «እኔም ለባለቤቴ ያው ነው ያልኳት» አሉ። «ሻለቃውን እራት ልንጋብዛቸው ነበር።»

«ፕሮፌሰር፣ ከረጢቱን መቀበል አልነበረብኝም።»

«ሻለቃው ሙያቸውን ያውቃሉ። አይበቃም ቢሉ ኖሮ ይናገሩ ነበር።»

«ተናግረዋል። ‹አንድ ብቻ?› ብለዋል። የሰማቸው ነው የጠፋው።»

ፕሮፌሰሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠርዙን በጣታቸው ያዞሩት ጀመር።

መጀመሪያ ያየው ነጂው ነው። «ያውና!» አለ። ፊኛው ከደመናው የወጣው ከጠበቁት ስፍራ በጣም ርቆ ነበር። አወራረዱም እንደተጣለ ነገር ነው፤ ሆዱ ተጎድጉዶ፣ ጨርቁ እየተውለበለበ ይወርዳል። አሸዋ ሲወረወር አይታይም። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አነሡና ወዲያው አወረዱት።

«ንዳ» አሉ ቀስ ብለው። በዚያን ቀን ሳይጮኹ የተናገሩት የመጀመሪያው ትእዛዝ ነበር።

ሲደርሱ ቅርጫቱ በታረሰ መሬት ላይ ረጅም ቦይ አውጥቶ ከአንድ የእንጨት አጥር ጋር ተጋጭቶ ቆሟል። ገበሬዎች ገመዱን ይዘው ወደ ኋላ ተወጥረዋል፤ ቢጫው ጨርቅ በአጥሩ ላይ እንደ ወደቀ ድንኳን ተዘርግቷል። ሻለቃው ከቅርጫቱ ወጥተው በጉልበታቸው ላይ ነበሩ። ፊታቸው ጠቁሯል፤ ከጆሯቸው የወረደ ደም በካፖርታቸው ኮሌታ ላይ ደርቋል።

«አልሰማም!» ይሉ ነበር ማንም ሳይጠይቃቸው። «ምንም አልሰማም! እሱን እዩት! እኔን ተዉኝና እሱን እዩት!»

ላባ በቅርጫቱ ውስጥ ከጠርሙስ ሣጥኑ ፊት ተንበርክኮ፣ ግንባሩን በክዳኑ ላይ አስደግፎ ነበር። የተኛ ይመስላል። ሚዛን ቅርጫቱ ውስጥ ገብታ ትከሻውን ያዘች።

«ላባ፣ ደርሰናል። ተነሥ።»

ትከሻው ደርቋል። ጭንቅላቱን ቀና ስታደርግ ከንፈሩ ጥቁር፣ ዓይኖቹ ግማሽ ክፍት ነበሩ። በጣቶቹ ላይ ያተመበት ሰም ተጣብቋል። ክዳኑን ስታነሣ ጠርሙሶቹ በየክፍላቸው ተደርድረዋል፤ ሁሉም ተከፍተው፣ ተዘግተው፣ በሰም ታትመዋል። የመጨረሻው ላይ ያለው ሰም ብቻ ወዲያና ወዲህ ተለቅልቋል፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ የለጠፈው መሆኑ ያስታውቃል።

ከረጢቱ ከጎኑ ነበር። ሚዛን ለምን እንደሆነ ሳታውቅ በመዳፏ ተጫነችው። መልሶ ገፋት። ሙሉ ነው።

ያኔ በውስጧ አንድ ነገር ቀለል አለ። ወንድሟን አቅፋ፣ ገና ሳታለቅስ፣ ‹ከረጢቱ አይደለም› አለች ለራሷ፤ ‹የነበረውንስ መቼ ጨረሰውና! ሁለት ቢኖረውም ያው ነበር።› ያቺ አፍታ አንድ ትንፋሽ ያህል ብትቆይ ነው። ሚዛን ግን ካደረገችው ሁሉ፣ ካልተናገረችውም ሁሉ ይልቅ፣ ዕድሜዋን በሙሉ ለራሷ ይቅር ማለት ያቃታት ያችን አፍታ ነው።

ገበሬዎቹ አስከሬኑን በአንድ የጎተራ በር ላይ አድርገው ወደ ቤታቸው አስገቡት። የቤቱ ሴት ውሃ አሞቀች፤ የሻለቃውን ጆሮ በጨርቅ ጠረገች፤ ማንነታቸውን አልጠየቀችም። ሻለቃው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው፣ የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙ በጩኸት አወሩ።

«መጀመሪያ ይቀልድ ነበር። በየከፍታው መዝጊያውን ሲከፍት ‹ጉርሻ ነው፣ ብላ› ይለዋል ጠርሙሱን። ከዚያ ጥፍሩ ጠቆረ። ‹ከረጢትህን ሳብ› አልኩት። ‹ያለኝ አንድ ነው ሻለቃ፤ ለላይኛው ላቆየው› አለኝ። ደግሞ አልኩት፤ ደግሞ ‹ላቆየው› አለኝ። እየሳቀ ነበር። እዚያ ላይ ሰው ሲሞት ሕመም የለውም፤ ደስ ይለዋል። ይህ ነው የሚያታልለው። ከዚያ ቱቦውን ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ አየሁት። እጁ አልታዘዘውም። እኔም ልሰጠው ብዬ…» ሻለቃው የገዛ እጃቸውን አንሥተው አዩት። «የእኔም አልታዘዘኝም። ስነቃ እየወረድን ነበር።»

ሚዛን በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ‹ያለኝ አንድ ነው።› ከዚህ በላይ ምንም መስማት አላስፈለጋትም። ወጥታ በግቢው ውስጥ ወዳለው የውሃ ገንዳ ሄደች፤ ፊቷን ታጠበች፤ እንደገና ታጠበች።

ፕሮፌሰሩ ሣጥኑን በሰረገላው ውስጥ ሲያስቀምጡ ደረሰችባቸው።

«ምን ያደርግልናል?» አለች። «ይጣሉት። እባክዎ ይጣሉት።»

«ልጄ…»

«ይስበሩት! አለዚያ እኔ አንድ በአንድ እሰብረዋለሁ!»

ፕሮፌሰሩ ከሣጥኑ ፊት ቆሙ፤ ግን አልያዟትም። «መስበር ትችያለሽ» አሉ። «እኔ አልከለክልሽም። መጽሐፌን ሊያፈርስ የሚችል ነገር እዚህ ሣጥን ውስጥ አለ፤ ብትሰብሪው ይተርፍልኛል። ግን እሱ የመጨረሻውን ያተመው እጁ አልታዘዝ እያለው ነው።»

አልሰበረችም። ወደ ከተማ ሲመለሱ ሣጥኑ በጉልበቶቿ መካከል ነበር፤ ላባ ከኋላቸው በገበሬው ጋሪ ላይ ይከተላል። ነጂው በድንቹ ማሳ በኩል አልተመለሰም፤ ዋናውን መንገድ ይዞ፣ ፈረሶቹን በእርምጃ እየነዳ፣ ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቡ አስቀምጦ ነበር።

እናታቸው በሱቋ መስኮት አጠገብ የቬሎ ባርኔጣ ላይ ጥልፍ እየጣለች ነበር። ሰረገላውን አየች፤ ከኋላው ያለውን ጋሪ አየች፤ መርፌዋን በጥንቃቄ በጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሣች። ፕሮፌሰሩ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ በእጇ ከለከለቻቸው። ያየችው ሚዛንን ነበር።

«ከጭስ ማውጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር ያልሽኝ» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት በአንድ ቤት ውስጥ የተነጋገሩት ስለ ማገዶና ስለ በር ቁልፍ ብቻ ነበር።

ሚዛን ጠርሙሶቹን የከፈተችው በረዶው ሲቀልጥ ነው። እስከዚያ ድረስ ሣጥኑ በላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይ፣ ላባ ያተማቸውን ጠርሙሶች እንደያዘ ቆየ። ፕሮፌሰሩ አንድም ቀን አልጎተጎቷትም፤ በአጠገቡ ሲያልፉ ግን እንደ ታማሚ አልጋ እርምጃቸውን ያለሰልሱ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። የጠርሙሱን አፍ በባዜቃ ውስጥ ደፍታ መዝጊያውን ትከፍታለች፤ ያ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ከባድ ፈሳሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የተወሰነውን አየር ወደ ቀጭን የተለካ ቱቦ ታሳልፍና ቁራጭ ፎስፈረስ ታስገባበታለች። ፎስፈረሱ ኦክስጅኑን ቀስ በቀስ እየበላ አረንጓዴ ጭላንጭል ያበራል። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ጭላንጭሉ ይጠፋል፤ ባዜቃው የተበላውን ያህል በቱቦው ውስጥ ይወጣል። የወጣው ያህል ኦክስጅን ነበረ ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ስትለካ በሩ ተንኳኳ። እናቷ ነበረች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የልጇን የሥራ ቦታ ረግጣው አታውቅም። ጓንቷን አውልቃ፣ የተሰጣትን በርጩማ በመዳፏ ጠርጋ ተቀመጠች።

«ያ ነው?» አለች በአገጯ ወደ ጠርሙሱ እያመለከተች።

«ያ ነው እማዬ።»

«ሥሪ። ለመናገር ሳይሆን ለማየት ነው የመጣሁት።»

ጭላንጭሉ እስኪጠፋ ሁለቱም አዩት። ባዜቃው ወጣ፤ ቆመ። ሚዛን በማጉያ ተመለከተችው። ከዚያ ከግቢው በራፍ ላይ የተቀዳውን አየር የያዘውን ሌላ ቱቦ አቅርባ አስተያየቻቸው። በሁለቱም ባዜቃው የቱቦውን አንድ አምስተኛ ያህል ይዟል፤ ልዩነት የለም። ሁለተኛውን ጠርሙስ ለካች፤ ሦስተኛውን ለካች። የመጨረሻውን፣ ሰሙ የተለቀለቀውን፣ እጇ እየከበዳት ከፈተች።

«ምን ይላል?» አለች እናቷ።

«ያው ነው። ላይ ያለው አየርና እኛ የምንተነፍሰው ድብልቁ አንድ ነው።»

እናትየው ወደ ጠርሙሱ አጎነበሰች።

«ያው ከሆነ ታዲያ ልጄን ምን ነሳኝ?»

ሚዛን የጠርሙሱን ሆድ አሳየቻት። ባዜቃው ገብቶ ሁለት ሦስተኛውን ሞልቶታል፤ ለአየሩ የቀረለት ሲሶው ብቻ ነው። «ላይ ሳለ ይህን ጠርሙስ ሙሉውን ይዞት ነበር። እኛ ዘንድ ሲወርድና የእኛው አየር ሲጫነው ይህችን አከለ። ዓይነቱ አልተለወጠም እማዬ፤ ሳስቷል። አንዴ ሲተነፍስ የሚያገኘው የእኛን ሲሶ ነበር።» ከዚያ ማቆም ስላቃታት ጨመረች፤ «ጉድለቱን የሚሞላለት ከረጢት ነበረው። አንዱን ለእኔ ጠርሙሶች ብሎ አወረደው። አይቼ ዝም አልኩ።»

«አውቃለሁ። ሻለቃው መጥተው ነግረውኛል።» እናቷ ከበርጩማው ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። በጣቷ የነሐሱን መዝጊያ ነካችው፤ ወደ ቀኝ አዞረችው፤ ወደ ግራ መለሰችው። የመርፌ ሰው ጣት ስለሆነ ሥራውን ወዲያው ለመደው። «ይህችን ብቻ ነው እዚያ የሚያደርገው?»

«አዎ። መክፈትና መዝጋት።»

«ይህችን ለማዞር ሰው መውጣት ነበረበት?»

ሚዛን ‹አዎ› ልትል አፏን ከፈተች። ሰው ካልወጣ ማን ይከፍታል ልትል ነበር። ዓይኗ ግን በግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ሄደ፤ ጥርስ ያለው መንኮራኩር እየጎተተ መዶሻዋን የሚያነሣ፣ ማንም ሳይነካው በየሰዓቱ የሚደውል ሰዓት። ያን ሰዓት ስንት ዓመት ሰምታዋለች! ፓምፑን፣ ብርጭቆውን፣ ሰሙን፣ የአሸዋውን ክብደት ሁሉ አስባለች፤ ፕሮፌሰሩም አስበዋል፤ ሻለቃውም። ከሦስቱ አንዳቸውም፣ አንድ ቀን እንኳ ይህን አልጠየቁም።

«አልነበረበትም» አለች።

እናትየው ጓንቷን አጠለቀች። ጣት በጣት፣ ቀስ ብላ። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ሳትል፣ «ራት ላይ እንዳትቀሪ» ብላ ወጣች።

ፕሮፌሰሩ ውጤቱን በሊቃውንቱ ጉባኤ ፊት ራሳቸው አነበቡ። መጽሐፌ ተሳስቷል ብለው ጀመሩ፤ ቀጥለው መዝጊያዎቹን የሠራውንና የሞተውን አንጥረኛ አነሡ፤ የለካችውም ሴት ከጓሮ በር በስተኋላ ቆማለችና ቦታ ስጧት አሉ። ሰዎቹ ተነሥተው አጨበጨቡ። ሚዛን ወንበር ሲያመጡላት ተቀመጠች፤ የተባለውን ግን አልሰማችውም።

በሚቀጥለው ጸደይ ፊኛ እንደገና ተነሣ። ትንሽ ነበር፤ ቅርጫት የለውም፤ ከሥሩ የተንጠለጠለው አንድ ጠርሙስና መዝጊያውን በጊዜው የምታዞር የሰዓት ማሽን ብቻ ናት። የፊኛውን የሐር ጨርቅ የሰፋችው እናትየው ነበረች። ማንም ሳይጠይቃት፣ አንድ ማታ ጨርቁን ከሚዛን እጅ ወስዳ፣ «ሰው የማይጫንበት ከሆነ እኔ እሰፋዋለሁ» ብላ መርፌዋን አነሣች።

በጋዝ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ፕሮፌሰሩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ፤ ጆሯቸው ያልተመለሰላቸው ሻለቃም ነፋሱን በምራቃቸው ባረጠቡት ጣት ለኩ። ሁሉ ተዘጋጀ። ገመዱ በእናትየው እጅ ነበር። ፊኛው ወደ ላይ ይስባል፤ እሷ ወደ ታች።

«ልቀቂው እማዬ» አለች ሚዛን።

«እለቀዋለሁ።»

ነፋሱ ገመዱን ወጠረው። የሴትየዋ መዳፍ ነጣ።

«እማዬ…»

«እለቀዋለሁ አልኩ» አለች እናቷ፣ ቀና ብላ እየተመለከተች። «ቆዪ እስቲ። ቆዪ።»